ጀርባውን ለሜዳው የሰጠው ዳኛ

የማርሽ ባንድ ውድድር ውጤት የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። ይህን ልማድ ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም እንጂ ቢታወቅ አሰልጣኟ ኔሬይዳ ካንቱ ከመቃብሩ ጎትታ አውጥታ ትሟገተው ነበር። አሥር ባንድ፣ ከስድስት መቶ የማያንስ ልጅ፣ በደቡብ ቴክሳስ የጥቅምት ፀሐይ ያንን ወፍራም የሰልፍ ልብሱን እንደለበሰ ሜዳው ላይ ተገትሯል። በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰውዬ ደግሞ ቃሉን እንደ ማስቲካ እያላመጠ «አሥረኛ...» ይላል፤ ይጨበጨባል፤ «ዘጠነኛ...» ይላል። ስምህ እስካልተጠራ ድረስ በሕይወት አለህ። ወደ ቴክሳስ ፍጻሜ የሚያልፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ የሚከፋው አሥረኛ መውጣት አይደለም።

«አራተኛ፤ የፓሎ ሴኮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ!»

ስድሳ ሁለቱ ልጆቿ አልተነቃነቁም። ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅ እንደማያለቅስ ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። ቱባ የምትጫወተው ኢትሴል ያንን ከእሷ የሚከብድ ግዙፍ መለከት እንዳቀፈች፣ አገጯ ብቻ ሲንቀጠቀጥ ኔሬይዳ ከሜዳው ዳር አየችው። ዘንድሮ የምትመረቀው ኢትሴልም ሆነች ከእሷ አንድ ክፍል ዝቅ ያሉት ልጆች ሌላ ዕድል የላቸውም። የእነሱ ምድብ ትምህርት ቤቶች ፍጻሜ የሚወዳደሩት በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ዘንድሮ ካመለጠ አመለጠ፤ እሷም አሥራ አንድ ዓመት ስታሰለጥን አንድም ጊዜ አልሄደችም።

«ሦስተኛ፤ ሃርላን ክሪክ!»

ማዶ ያሉት ደጋፊዎቻቸው ከመቀመጫቸው እንደ ዝናብ ወረዱና እርስ በርሳቸው ተቃቀፉ።

ስልኳ ጮኸ። የነጥብ ሠንጠረዡ መጣ። አምስት ዳኞች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ባንዶቹን ከአንድ እስከ አሥር ይደረድራሉ፣ ቁጥሮቹ ይደመራሉ፣ ትንሽ ድምር ያለው ያልፋል። ለፓሎ ሴኮ ሦስት፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት ይልና መጨረሻው ላይ ስምንት ይላል። ድምር ሃያ። ለሃርላን ክሪክ አራት፣ አምስት፣ ሦስት፣ አራት፤ መጨረሻው ላይ አንድ። ድምር አሥራ ሰባት።

«ስምንት?» አለ ከበሮዎቹን የሚያሰለጥነው ረዳቷ ቼማ፣ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ። «ሌሎቹ ሁለትና ሦስት እየሰጡን ይሄ ሰውዬ ስምንት? ጠጥቶ ነው የመጣው?»

«አይጠጣም» አለች። «ቲግ ነው።»

ጋርላንድ ቲግ ማን እንደሆነ፣ ለእሷ ምን እንደሆነ፣ በዚያ አውራጃ ክላርኔት የያዘ ሁሉ ያውቃል።

ቲግ የሃርላን ክሪክን ባንድ ሠላሳ ዓመት መርቷል። ኔሬይዳ ዘጠኙን ዓመት ረዳቱ ነበረች። ጠዋት በሩን የምትከፍተው፣ ማታ ቱባዎቹን የምትቆጥረው፣ ጀማሪዎቹን ከባዶ የምታስነሳው እሷ ነበረች። ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ የእሷ እንደሆነ ያልጠረጠረ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ፊት ቀረበና «ለዚህ ባንድ የወንድ ክንድ ያስፈልገዋል» ብሎ የእህቱን ልጅ ክሌይ ሆልኮምን፣ ያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ የነበረውን፣ አስቀመጠበት። እሷ በሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሰማችው። በሳምንቱ ዕቃዋን ጭና አርባ ማይል ወደ ደቡብ፣ መለከት እንኳ የተሟላለት ልጅ ወደሌለበት ወደ ፓሎ ሴኮ ወረደች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ኔሬይዳ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆመችው በዚያ ዓመት ነው።

ቲግ ደግሞ ጡረታ ወጥቶ ዳኛ ሆነ። ዳኝነቱም እንደ ጠባዩ ነው። ሌሎቹ ዳኞች ከስታዲየሙ አናት ካለው ክፍል ሆነው በመስታወቱ ቁልቁል ሲያዩ፣ እሱ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለሜዳው ይሰጣል። «ጆሮ ኮፍያና ባንዲራ አያይም» ይላል። ይህን አነጋገሩን በየስብሰባው የሚደግሙለት አድናቂዎች አሉት። አድናቂዎቹ የማያውቁትን ኔሬይዳ ታውቃለች፤ ከኮፍያው ስር ጆሮው ውስጥ ሁለት የመስሚያ መሣሪያ ደብቋል። ማጉያው ስለሚያሳምመው በአንዱ ባንድና በሌላው መካከል ያወልቃቸዋል።

ልጆቹ መሣሪያቸውን ሊጭኑ ሲሄዱ ክሌይ ሆልኮም ዋንጫውን በብብቱ ሽጦ መጣ። ሠላሳ ሰባት ሞልቶታል፤ ሆዱ ደግሞ ሃምሳ።

«ሚስ ካንቱ፣ አይዞሽ» አለ እጁን ዘርግቶ። «አራተኛም ቁጥር ነው።»

«እጅህን ሰብስብ።»

«እንዴ! እኔ ምን አደረግኩ? ጠዋት የጭነት መኪናሽ ጎማ ፈንድቶ ስትዘገዪ ተራዬን የለወጥኩልሽ እኔ አይደለሁ? ባልለውጥልሽ ሳትጫወቺ ትቀሪ ነበር። ምስጋናሽ ይቺ ናት?»

«አጎትህ ሸልሞሃል፤ የኔ ምስጋና ምን ያደርግልሃል?»

«የአጎቴ ጆሮ አይሳሳትም» አለና ሳቀ። «ስምንት ካለ ስምንት ነው። ባይሆን ለከርሞ ጎማ ግዢ።»

ቼማ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል ኔሬይዳ በክርኗ ደረቱን ገታችው። «ተወው። ይሄ በራሱ እግር ሄዶ አያውቅም፤ ታዝሎ የመጣውን ልጅ አትምታ።»

ክሌይ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ሳይጠፋ ሄደ። ጉዳዩ ተዘግቷል፤ በዳኛ አስተያየት ላይ ክርክር የለም። ደንቡ የሚፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዳኛው ቁጥር ሲጽፍ ተሳስቶ ከሆነ፣ ውጤቱ በተነበበ በአርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ራሱ ዳኛው ፈርሞ ያርማል። ቲግ ደግሞ ስምንት ብሎ የጻፈው እጁ ስቶ ነው ብሎ የሚያስብ ሞኝ የለም።

የጭነት መኪናዋ ጋቢና ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ዳኞች ባንዱ ሲጫወት የተሰማቸውን እየተናገሩ ይቀዳሉ፤ ቅጂው ለአሰልጣኙ በዚያው ይላካል። ፓሎ ሴኮ ሰኞ ሰኞ ቅጂዎቹን ልጆቹ ሁሉ ባሉበት ይሰማሉ፤ ስድብም ቢሆን አይዘለልም። የቲግን ግን ከሰኞ በፊት ብቻዋን ልትሰማው ፈለገች። ለምን ብትባል መልስ የላትም። ቁስሉን የሚነካካ ሰው ለምን እንደሚነካካው አያውቅም።

«ፓሎ ሴኮ» አለ ድምፁ። ያ የጠጠር መንገድ የመሰለ ድምፅ ዘጠኝ ዓመት ጠዋት ማታ የሰማችው ነው። «ትራምፔቶች ዘገዩ። አሁንም ዘገዩ። አንተ ልጅ፣ ያ ድምፅ ከደረትህ ነው ወይስ ከአፍንጫህ? ትንፋሽ ያስተማራቸው የለም። ማንም አላስተማራቸውም። እኔ ብዬ ነበር፤ ክንድ የለም። ክንድ የሌለው ባንድ ይሄው ነው።»

ደሟ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ክንድ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህቺ ቃል አልለቀቀቻትም። ስልኩን በመስታወቱ ላይ ልትወረውረው እጇን ከፍ አደረገች፤ ያን ጊዜ ስልኩ ጆሮዋ አጠገብ መጣና ከቲግ ድምፅ በስተጀርባ የሚጫወተውን ባንድ ሰማችው።

በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ የተቀዳ የነፋስ ድምፅ አለበት። ነፋሱ ላይ ሁለት ትራምፔት ይገባል።

የእሷ ባንድ የተቀዳ ድምፅ የሚለቅበት ዕቃ የለውም። የእሷ ባንድ የሚጀምረው በኢትሴል ቱባ ነው፤ ሃያ አራት ቆጠራ ሙሉ ብቻዋን።

ነፋሱ የክሌይ ነው።

ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣላት። ጠዋት ጎማው ፈነዳ፤ ተራ ተለዋወጡ፤ ሃርላን ክሪክ በፓሎ ሴኮ ሰዓት ገባ፣ ፓሎ ሴኮ በሃርላን ክሪክ ሰዓት። ለውጡ በማጉያው ተነግሯል። ቲግ ግን በመካከሉ መስሚያዎቹን አውልቆ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ በፊቱ ባለው በታተመው የተራ ዝርዝር ነው የሄደው። ስምንቱ የእሷ አይደለም። አንዱ ነው የእሷ።

ሰዓቷን አየች፤ አሥር ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ውጤቱ የተነበበው አሥር ከሩብ ላይ ነው። በሩን ሳትዘጋ ወርዳ ሮጠች።

የውድድሩ ኃላፊ ዶቲ ስታቪኖሃ ናት፤ ሰባ የሞላት፣ የአንዱን ስህተት ለአንዱ የማታወራ፣ ደንቡን ከጸሎት መጽሐፏ አስበልጣ የምታነብ ሴት። ከመቀመጫዎቹ ስር ባለው ክፍል ዳኞቹን በጭስ የበሰለ የበሬ ሥጋ፣ ብሪስኬት፣ እየቆረጠች ታበላለች። ኔሬይዳ እያለከለከች ስትገባ ቢላዋዋን አላስቀመጠችም።

«ስለ አስተያየት ከሆነ የመጣሽው፣ በመጣሽበት ውጪ።»

«ስለ አስተያየት አይደለም፣ ሚስ ዶቲ። የጽሑፍ ስህተት ነው። ሚስተር ቲግ ለሃርላን ክሪክ የቀዱትን ክፈቺልኝ።»

«የሰው ቅጂ አልከፍትም።»

«የሰው አይደለም፤ የኔ ነው። መጀመሪያ ይሄንን ስሚ።» ስልኳን አስቀመጠችው። ነፋሱ ነፈሰ፣ ትራምፔቶቹ ገቡ። ዶቲ ጆሮዋን አዘነበለች። ጠዋት ከሜዳው ዳር ቆማ ሁሉንም ባንድ በዓይኗ ያየች ናት፤ ሁለት ጊዜ መስማት አላስፈለጋትም። ቢላዋዋን አስቀመጠችና የራሷን ኮምፒውተር ከፈተች። «ሃርላን ክሪክ» ከሚለው ስም ስር ቱባ ወጣ፤ አንድ ቱባ፣ ብቻውን፣ ሃያ አራት ቆጠራ።

በላዩ ላይ ቲግ፣ ኔሬይዳ ሰምታው በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ኧረ ይቺን ቱባ ስሙልኝ» አለ። «ትንፋሽ እንዲህ ነው የሚያዘው። ሆድ ላይ መጽሐፍ አስቀምጦ፣ መሬት ላይ አጋድሞ ነው የሚማረው። ይህን ባንድ ያሰለጠነውን ሰው ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እጄን አውቀዋለሁ። ክሌይ ልጄ፣ ቢዘገይም ገብቶሃል። አንደኛ። ሌላ አንደኛ የለም።»

አራቱ ዳኞች መብላት አቆሙ። አምስተኛው፣ ጥግ ላይ ለብቻው የተቀመጠው፣ ስጋውን መቁረጡን ቀጠለ። ምንም አልሰማም።

ዶቲ ሄዳ ትከሻውን ነካችው። ቲግ ቀና አለና ፊቱን አጨማደደ፤ ከሸሚዝ ኪሱ የተጣጠፈ ቢጫ ወረቀት አወጣ፤ ቀስ ብሎ ፈታው፤ ከውስጡ ሁለቱን መስሚያዎች አንስቶ ኮፍያውን ገፋ አድርጎ ጆሮው ውስጥ ከተታቸው። ዶቲ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው። የራሷ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ጠዋት ለአምስቱም ዳኞች የላከችው። «ፓሎ ሴኮና ሃርላን ክሪክ ተራ ተለዋውጠዋል» ይላል። ሰውየው ለውጡን በሚነግረው ወረቀት መስሚያዎቹን ጠቅልሎ ነበር።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ጫጫታ?» አለ። ከዚያ ኔሬይዳን አያት። «አሃ። አንቺ ነሽ። ለልቅሶ ከሆነ የመጣሽው ቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ማዶ ነው።»

«ልቅሶው የኔ አይደለም፣ ሚስተር ቲግ። ይስሙ።»

ዶቲ ሁለቱንም ቅጂ አሰማችው። ያኔ ነው ክሌይም ወሬው ደርሶት ዋንጫውን እንደታቀፈ እየተንደረደረ የገባው። የገባውም አጎቱ በቅጂው ላይ «ክንድ የለም» ሲል ነው። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ነፋሱን ሰማ፤ የራሱን ነፋስ፣ የራሱን ትራምፔቶች። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን የሚሰማው እንዲህ በስህተት፣ ሰው መሀል ነው።

«አጎቴ» አለ ክሌይ። «ክንድ የለም ያልከው... ያ እኮ የኔ ባንድ ነው።»

ቲግ ሌላ ቁራጭ ስጋ ቆረጠ።

ዶቲ የማረሚያ ቅጹን ከእነ እስክሪብቶው ፊቱ ዘረጋች። «ሚስተር ቲግ፣ አሥር ደቂቃ ነው ያለን። ቁጥሮቹ ተቀያይረው ገብተዋል። ከፈረምክ ይታረማል። አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ እኔም አልችልም፤ ደንብ ነው።»

«እንዳትፈርም» አለ ክሌይ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጆሮው። በመስሚያ ለሚሰማ ሰው ሹክ ማለት የለም፤ ሁሉም ሰማው። «ዝም ብለህ ብሪስኬትህን ብላ። ሰዓቱ ይለፍ። ከፈረምክ ሳትሰማ ነበር የምትዳኘው ነው የሚሉህ። ከእንግዲህ የሚጠራህ የለም። ልጆቼ ደግሞ... ዋንጫውን ስመውታል፣ አጎቴ!»

«ልጆችህ ስምንተኛ ናቸው» አለች ኔሬይዳ። «ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ እሳቸው ናቸው።»

«አንቺ ዝም በይ!»

«ዝም ያልኩት ዘጠኝ ዓመት ነው። የቀረኝ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ እሱን አልሰጥህም!»

ቲግ በሹካው ሳህኑን ሦስቴ መታ፤ ድሮ ልጆችን ዝም የሚያሰኝበት ነው። ክሌይም ኔሬይዳም ባንድ ጊዜ ዝም አሉ፤ ኔሬይዳ ዝም በማለቷ ተናደደች።

«አርባ ዓመት ነው ይህ ጆሮ ባንድ የሰማው» አለ ሽማግሌው። «ማን እንደቆመ ማወቅ የኔ ሥራ አይደለም። የሰማሁትን ነው የምጽፈው። አንደኛ ያልኩት አንደኛ ነው፤ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው።» እስክሪብቶውን አነሳ።

«አጎቴ!»

«አንተ ትንፋሽ አስተምር» አለው ዞር ብሎ ሳያየው። ክሌይ ጆሮው ድረስ ቀላ።

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ሲል ቆመ። ቲግ ቀና ብሎ ኔሬይዳን አያት፤ በዓይኑ ውስጥ የድሮው ነገር ነበረ። ስህተትህን አውቆ በራስህ አፍ እስክትናገረው የሚጠብቀው ዓይን ነው።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ። «ቅጂው ላይ እጄን አውቀዋለሁ ብያለሁ። ያሰለጠነውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብያለሁ። ይሄ ውሸት ከሆነ ጆሮዬ ተሳስቷል ማለት ነው፤ የተሳሳተ ጆሮ ደግሞ አይፈርምም። ንገሪኝ። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ ወይስ አይደለሁም?»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል።

ኔሬይዳ የት ተማርሽ ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «አባቴ በየጭፈራ ቤቱ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር፤ ከእሱ ነው።» አባቷ በእውነት አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። በየዓመቱ በነሐሴ ሙቀት ልጆቿን የመለማመጃው ክፍል ወለል ላይ አጋድማ፣ ሆዳቸው ላይ መጽሐፍ አስቀምጣ፣ መጽሐፉ ከፍ ዝቅ ሲል ስትቆጥር ግን ያ የአባቷ አልነበረም። ታውቃለች። አሥራ አንድ ዓመት ስታውቅ ኖራለች። ይህን ሰውዬ ከምትጠላበት ምክንያት ሁሉ ትልቁም ይኸው ነው፤ ከቤቷ ልታወጣው አልቻለችም።

«እርስዎ ነዎት» አለች ዝቅ ብላ።

«ምን?»

«እርስዎ ነዎት አልኩ።»

ቲግ ጆሮውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ባትሪው ሊያልቅ ነው መሰለኝ። ጮክ በይ።»

«እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ!»

«ማን?»

አምስት ደቂቃ። በሩ ክፍት ነው። ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ሰማች፤ ልጆቿ ናቸው፤ ሩጫዋን አይተው ተከትለዋት መጥተዋል። ኢትሴል እስካሁን ቱባዋን አላወለቀችም። በዚህ ሰውዬ ፊት ከማልቀስ መሞት ይሻላል።

«እርስዎ!» ብላ ጮኸች፣ ክፍሉ እስኪያስተጋባ። «ጋርላንድ ቲግ! ትንፋሹንም፣ ቱባውንም፣ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት! ይበቃዎታል? ይፈርሙ!»

ኮሪደሩ ላይ ያለው ኮቴ ቆመ። ከዳኞቹ አንዱ ሳህኑን ያያል፤ ዶቲ ሰዓቱን ታያለች። ቲግ ወረቀቱ ላይ ስምንቱን ሰረዘ፣ አንድ ብሎ ጻፈ፣ ከስር ደግሞ አንዱን ሰረዘና ስምንት ጻፈ፣ ፈረመ። አልቸኮለም። ፊርማው እንደ ድሮው ረጅም ነበር።

«አሥራ አንድ ሊሆን ሦስት ደቂቃ ጉዳይ» አለች ዶቲ፣ ራሷም እየፈረመች። «ፓሎ ሴኮ በአሥራ ሦስት ነጥብ ሦስተኛ። ሃርላን ክሪክ በሃያ አራት... ከሦስት ውጪ። ሚስተር ሆልኮም፣ ዋንጫውን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥልኝ።»

ክሌይ ዋንጫውን ሲያስቀምጥ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። በሩን ደርግሞ ወጣ።

ኔሬይዳ የእሷን ግልባጭ ለመውሰድ ጎንበስ አለች። ፊቷ ከሽማግሌው ኮፍያ አንድ ክንድ አይርቅም። ከሳህኑ የብሪስኬቱ ጭስ ይሸታታል። ሹካውን አንስቶ መብላቱን ቀጥሏል፤ ምንም እንዳልሆነ፣ አሥራ አንድ ዓመትም እንዳልነበረ። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» ማለቱን ተወችው፤ ከንፈሯን ሳታላቅቅ፣ ከትንፋሽ ባነሰ ድምፅ፣ «አንተ ክፉ ሽማግሌ» አለች፤ «ምድር አትቀበልህ።»

ቲግ ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ።

«ይሄንንም ሰምቻለሁ» አለ ቀና ሳይል። «መጀመሪያ ዝቅ ብለሽ ያልሽውንም ሰምቼው ነበር።»

የሚወረወር ነገር በእጇ ቢኖር ወርውራበት ነበር። በእጇ ያለው ግን ያ ወረቀት ብቻ ነው። ደረቷ ላይ ለጥፋው ወጣች።

ኮሪደሩ ሞልቷል። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ግማሾቹ የልብሳቸውን አንገት ፈትተው፣ ዓይናቸው በሙሉ ወረቀቱ ላይ ነው። መጠየቅ ፈርተዋል።

«ሚስ?» አለች ኢትሴል። «እንሄዳለን?»

«እንሄዳለን።»

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ቼማ የከበሮ ዱላዎቹን ወደ ላይ ወረወረ፣ አንዱ ራሱ ላይ ወደቀበት፤ ልጆቹ እየተጋፉ ወደ ውጪ ፈሰሱ። ኔሬይዳ በእነሱ ተገፍታ ወደ ፀሐዩ ወጣች።

ማዶ፣ አውቶቡሶቹ አጠገብ፣ ክሌይ ለልጆቹ እየነገራቸው ነበር። ቃሉ አይሰማም፤ የሚያደርገው ግን ይታያል። እጁን ወደ ጎን ዘረጋ፣ ጣለው። አንዲት ክላርኔት የያዘች ትንሽ ልጅ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ትራምፔት ተጫዋቾች ተቃቅፈው ፊታቸውን አንዱ በአንዱ ትከሻ ውስጥ ደበቁ። ኔሬይዳ ቆማ አየቻቸው። ስኳር የላሰች ያህል ጣፈጣት። እያንዳንዱን አየች፣ አልቸኮለችም።

«ሚስ» አለች ኢትሴል ከጎኗ፤ ሁሉም ሲሮጥ እሷ በቱባው ምክንያት ወደኋላ ቀርታለች። «ውስጥ ሲጮሁ ሰማንዎት። እውነት ያ ሰውዬ ነው ያስተማረዎት?»

ልትዋሽ ትችል ነበር፤ አሁን የምታስፈርመው ሰው የለም።

«እውነት ነው» አለች። «መጽሐፉን ሆድ ላይ ማስቀመጥ የሱ ነው።»

«ሌላስ ምን አስተማረዎት?»

ኔሬይዳ ያን ጊዜ ነው ፊቷ ላይ ያለውን ፈገግታ ያወቀችው። እነዚያ የሚያለቅሱ ልጆች ምንም አላደረጓትም፤ ዕድሜያቸው የኢትሴል ነው። በእጇ ጀርባ አፏን ጠረገች።

«ቱባሽን ጫኚ» አለቻት።